ገንዘብ ስንቀባበል፦ ከብሩ ይልቅ መተፋፈጉን እንፍራ

የኮሮና ቫይረስ በሽታ (ኮቪድ-19) በሀገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ የተገኘው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ «ብር በሽታውን ያስተላልፋል ወይ?» የሚል ጥያቄ በየገበያው ይሰማል። ጥያቄው ተገቢ ነው። በደብረ ማርቆስ ገበያ ጤፍ የሸጠ ገበሬ የተቀበለው ሃምሳ ብር ቀኑ ሳይመሽ ጨው ሻጩን፣ ወፍጮ ቤቱንና የባጃጅ ሾፌሩን አዳርሶ ሊያድር ይችላል። ይህን ሁሉ እጅ የዞረ ወረቀት መጠራጠር ከጥንቃቄ የሚቆጠር እንጂ የሚነቀፍ አይደለም።

መልሱ ግን ብዙዎች እንደሚገምቱት አይደለም። ቫይረሱ በዋናነት የሚተላለፈው የታመመ ሰው ሲተነፍስ፣ ሲናገር፣ ሲያስልና ሲያስነጥስ በሚወጡ ጥቃቅን ጠብታዎች ነው። የተበከለ ነገር ነክቶ ፊትን በመንካት መያዝ ይቻላል፤ ዕድሉ ግን አነስተኛ ነው። የአሜሪካ የበሽታዎች መከላከያና መቆጣጠሪያ ማዕከል በመጋቢት 2013 ዓ.ም. ባወጣው መግለጫ፣ አንድ የተበከለ ነገር በመንካት የመያዝ ዕድል በአጠቃላይ ከ10,000 አንድ ያነሰ መሆኑን አስታውቋል። ስለዚህ ብርን በሳሙና ማጠብ ወይም በካውያ መተኮስ አያስፈልግም። አልኮል መርጨት ደግሞ ብሩን ከማበላሸቱ በላይ እሳት ካለበት አጠገብ ከተደረገ ቃጠሎ ያስነሣል።

መታጠብ ያለበት እጅ ነው። ገንዘብ ከተቀበልን በኋላ፣ ምግብ ከመንካታችንና ፊታችንን ከማሸታችን በፊት፣ እጃችንን ቢያንስ ለ20 ሰከንድ በውኃና በሳሙና እንታጠብ። ብር ስንቆጥር ጣታችንን በምራቅ የማርጠብ ልማድ ዛሬውኑ ሊቀር ይገባዋል። እናቶች ደግሞ አንድ ነገር ልብ ቢሉ መልካም ነው። ብር የተቋጠረበት የነጠላ ጫፍ አፍና አፍንጫ የሚሸፈንበት ያው ጫፍ ሲሆን ይታያል። ገንዘቡ በመቀነት ይቋጠር፤ አፍና አፍንጫም በንጹሕ ማስክ ይሸፈን።

ሰልፍና የተዘጋ ቤት

ዋናው አደጋ ያለው ገንዘቡን ለማግኘት በምንጋፋበት ቦታ ነው። መስከረም 4 ቀን 2013 ዓ.ም. አዲሶቹ የብር ኖቶች ይፋ ሲሆኑ የ10፣ የ50 እና የ100 ብር ኖቶች ተቀየሩ፤ የ200 ብር ኖትም ተጨመረ። ለቅያሬው የሦስት ወር ጊዜ ተሰጥቶ ነበር። አሮጌውን ብር በሽታ ይዟል ብሎ የፈራ ሰው አዲሱን ለመቀበል በባንክ ደጃፍ ትከሻ ለትከሻ ተጋፍቶ ከቆመ፣ ከትንሹ አደጋ ሸሽቶ ወደ ትልቁ ገባ ማለት ነው። በሰልፍ ላይ ሁለት የአዋቂ እርምጃ መራራቅና ማስክ ማድረግ ብሩን ከማጠብ እጅግ ይበልጣል። የደመወዝ መውጫና የገበያ ቀን ባንክ ቤት ይጨናነቃል፤ አስቸኳይ ጉዳይ የሌለው ሰው በማግስቱ ቢሄድ ምን ይጎድልበታል?

ይህ ነገር በእኛ ደጋ አገር ይከብዳል። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር ከፍ ብላ የምትገኝ ከተማ ናት። በሐምሌና በነሐሴ ዝናቡና ብርዱ ሲበረታ በርና መስኮት ተዘግቶ፣ ቡና ተፈልቶ፣ የዕቁብ ወይም የዕድር አባላት በአንዲት ክፍል ውስጥ ለረጅም ሰዓት ይቀመጣሉ። እሳት የሚነድበትን ቤት እናስብ፤ መውጫ ያጣ ጢስ ማእዘኑን ሁሉ ይሞላል። የሰው ትንፋሽም እንዲሁ ነው፤ ልዩነቱ ዓይን አለማቃጠሉና አለመታየቱ ብቻ ነው። ስለዚህ ስብሰባው በግቢ፣ በረንዳ ላይ ወይም ዙሪያው በተከፈተ ዳስ ሥር ቢሆን ይመረጣል። ዝናቡ የግድ ወደ ቤት ካስገባ በርና መስኮቱ ይከፈት፤ ጋቢ ይደረብ፤ ቡናው ለሌላ ቀን ይቆይ። የዕቁቡ ዳኛ፣ ጸሐፊውና ገንዘብ ያዡ ብቻ ተገናኝተው ዕጣውን ቢያወጡና ሌላው አባል ውጤቱን በስልክ ቢሰማም ዕቁቡ አይፈርስም።

በስልክ መክፈል

መዋጮን በስልክ መላክ መገናኘቱን ራሱን ያስቀራል። ከግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው ቴሌብር *127# በመደወል፣ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ አገልግሎት የሆነው ሲቢኢ ብር ደግሞ *847# በመደወል ይሠራሉ። ኢንተርኔትም ሆነ ውድ ስልክ አያስፈልጋቸውም። ሆኖም ወኪሉ ሱቅ ውስጥ ተፋፍጎ መቆም ከባንኩ ሰልፍ የተለየ አይደለም።

ማንበብ የማይችሉ አባቶችና እናቶች የሚስጥር ቁጥራቸውን ለመንደር ልጅ ሁሉ ሲሰጡ ይታያል። የሚረዳቸው አንድ የታመነ የቤተሰብ አባል ይሁን። «በስሕተት ገንዘብ ልኬልዎታለሁ፤ ይመልሱልኝ» የሚል መልእክት የደረሰው ሰው አስቀድሞ የራሱን ቀሪ ሂሳብ ይመልከት። ከባንክም ሆነ ከጤና ሚኒስቴር ነኝ ብሎ የሚስጥር ቁጥር የሚጠይቅ አታላይ ነው። ለኮቪድ-19 ክትባት ገንዘብ አስቀድመው ይላኩ የሚል ጥሪም ሐሰት ነው።

ኔትወርክ በማይደርስበት ቀበሌ የሚኖር ሰው በጥሬ ገንዘብ ስለተገበያየ አይሥጋ። በሜዳ ተራርቆ ይቀባበል፤ እጁንም ይታጠብ፤ ይበቃዋል።

ትኩሳት ወይም ሳል እያለበት ወደ ዕቁብ የሚሄድ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሄደው ዕጣው ወይም ስሙ እንዳያልፈው በመሥጋት ነው። የማዳበሪያ ዕዳ ወይም የልጅ ትምህርት ቤት ወጪ ያለበትን ሰው «ቅር» ማለት ብቻ አይረዳውም። ስለዚህ የዕቁብና የዕድር አባላት አስቀድመው ተወያይተው፣ በሕመም ምክንያት የቀረ ሰው መዋጮውን በሌላ ሰው እጅ ወይም በስልክ እንዲልክ፣ ዕጣውም እንዲጠበቅለት፣ ቅጣትም እንዳይኖርበት በመዝገባቸው ይጻፉ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን አባል የሆነ ሰውም የታደሰ መታወቂያውን ይዞ ወደ ጤና ጣቢያው ቢሄድ በኪሱ ገንዘብ ባለመኖሩ ከሕክምና አይቀርም። ከቤት ከመውጣቱ በፊት ግን በነጻ የስልክ መስመር 8335 ወይም 952 ደውሎ ምልክቶቹን ይናገር፤ ወዴትና እንዴት እንደሚሄድ ይነገረዋል።