የአመዳይ ሌሊትና የዱር አራዊት
(ስለ ፍጥረትና ስለ ፍትሕ የቀረበ ትምህርት)

የዚህ ትምህርታችን መነሻ በትንቢተ ዳንኤል ምዕራፍ 3 የሚገኘው የሠለስቱ ደቂቅ መዝሙር ነው። እነዚያ ሦስት ወጣቶች በባቢሎን ወደ እቶነ እሳት ተጥለው ሳሉ፣ ፀሐይንና ጨረቃን ብቻ ሳይሆን ቁርንና ውርጭን፣ በረዶንና አመዳይን፣ ሌሊትንና ጨለማን፣ የዱር አራዊትንና የቤት እንስሳትንም ሁሉ እግዚአብሔርን እንዲያመሰግኑ ጠርተዋል። በእሳት መካከል ላለ ሰው ስለ ቁር ማመስገን ቀላል ሊመስል ይችላል። ነገር ግን በከፍተኛ ደጋ ላይ ቤቱን የሠራ፣ በሌሊት ውርጭ የሚወርድበት፣ ጅብም በበረቱ ዙሪያ የሚዞርበት ገበሬ ይህን መዝሙር እንዴት አድርጎ ይዘምረው? በዚህ ጽሑፍ ልንመልሰው የምንሞክረው ጥያቄ ይህ ነው።

1. አመዳይ በሀገራችን ተራሮች

ብዙዎቻችን አመዳይ የሩቅ አገር ነገር ብቻ ይመስለናል። ይሁን እንጂ በ6ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ ኮስማስ የተባለ ነጋዴ በአዱሊስ ወደብ በድንጋይ ዙፋን ላይ ተቀርጾ ያገኘውንና ገልብጦ ያቆየልንን የግሪክኛ ጽሑፍ ብንመለከት፣ አንድ ስሙ ያልታወቀ የጥንት ንጉሥ ወደ ሰሜን ተራሮች መዝመቱን ይናገራል። ንጉሡ ስለዚያ ምድር ሲገልጽ ጭጋግና ብርድ የማይለየው፣ አመዳዩም የሰውን እግር እስከ ጉልበት የሚያሰጥም መሆኑን ጠቅሷል። ዛሬ የሰሜን ተራሮች እንደዚያ ያለ ጥልቅ አመዳይ አይታይባቸውም፤ ሆኖም ከ4,500 ሜትር በላይ ከፍ በሚለው በራስ ደጀን ጫፍና በአካባቢው ባሉት ተራሮች ላይ አልፎ አልፎ አመዳይ ይወርዳል፤ በረዶም መሬቱን አልብሶ ያድርና የረፋድ ፀሐይ ሲያገኘው ይቀልጣል።

ከዚህ ይልቅ የተራራውን ሰው የሚፈትነው የበጋው ውርጭ ነው። ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ወራት ሰማዩ ጥርት ስለሚል፣ ምድር ቀን የተቀበለችውን ሙቀት በሌሊት የሚይዝላት ደመና አይኖርም። ስለዚህ ቅዝቃዜው ከ0 ዲግሪ በታች ይወርዳል፤ ሣሩም ማለዳ ነጭ ሆኖ ይገኛል። የልደት በዓላችን የሚውለውም በዚሁ ወራት ውስጥ ነው።

ቅዱሳት መጻሕፍት ስለ አመዳይ የሚናገሩት በሁለት ወገን ነው። ነቢዩ ኢሳይያስ በምዕራፍ 1 የተሰረየውን ኃጢአት በአመዳይ ንጣት ይመስለዋል፤ ይህ የውበቱና የንጽሕናው ወገን ነው። መዝሙረኛው ደግሞ በመዝሙር 147 እግዚአብሔር አመዳዩን እንደ ባዘቶ እንደሚሰጥ ከተናገረ በኋላ፣ በእርሱ ቁር ፊት ማን ሊቆም እንደሚችል ይጠይቃል፤ ይህ የክብደቱ ወገን ነው። እንግዲህ መጽሐፍ ቅዱስ የተፈጥሮን ውበት ሲያወድስ ብርድ የሚያንቀጠቅጠውን ሰው አይዘነጋም።

2. የሌሊቱ ነዋሪዎች

በእንዲህ ያለ ሌሊት በተራራው ላይ የሚያድረው ሰው ብቻ አይደለም። ገበሬው በጎቹንና ከብቶቹን ወደ ቤቱ አስገብቶ፣ ከእነርሱ ትንፋሽና ከምድጃው ፍም ሙቀት እያገኘ፣ ደበሎውን ደርቦ ይተኛል። ከግድግዳው ውጭ ግን ሌላ ሕይወት አለ። ጭላዳ ዝንጀሮዎች ቀን በሜዳው ሣር ሲግጡ ውለው፣ ሲመሽ ወደ ገደሉ ወርደው በድንጋዩ እርከን ላይ እርስ በርሳቸው ተቃቅፈው ያድራሉ። በዱር ከሰሜን ተራሮች በቀር በሌላ የዓለም ክፍል የማይገኘው ዋልያ በዚያው ገደል ይጠለላል። ቀይ ቀበሮ ደግሞ ግልገሎቹን ከሚያሳድግበት ጊዜ በቀር ጉድጓድ አይገባም፤ በሜዳው ላይ ተጠቅልሎ፣ አፍንጫውን በጅራቱ ሸፍኖ ውርጩን ያሳልፋል። ግልገሎቹም የሚወለዱት በአብዛኛው በዚሁ በበጋው ወራት ነው። ጅብና ነብር ግን ሌሊቱን ለአደን ይነሣሉ፤ አንዳንድ ጊዜም እስከ ሰው ደጅ ይደርሳሉ። ሲነጋ በውርጩ ላይ የሚታየው ኮቴ በሌሊት ማን እንደመጣና ወዴት እንደሄደ ይናገራል።

መዝሙር 103 (104) ይህን ሁሉ እንዳየ ሰው ይናገራል። ረጃጅሞቹ ተራሮች ለዋልያዎች፣ ዓለቶቹም ለሽኮኮዎች መጠጊያ መሆናቸውን ይገልጻል። ቀጥሎም እግዚአብሔር ጨለማን እንዳመጣ፣ በሌሊትም የዱር አራዊት እንደሚወጡና ምግባቸውን ከአምላክ እንደሚሹ፣ ፀሐይ ስትወጣ ወደ ዋሻቸው እንደሚመለሱ፣ በዚያን ጊዜም ሰው ወደ ሥራው ወጥቶ እስከ ማታ እንደሚደክም ያስተምራል። እዚህ ላይ ልብ ልንል የሚገባን ነገር አለ። መዝሙረኛው ሌሊቱን የክፉዎች ጊዜ፣ አራዊቱንም የእግዚአብሔር ጠላቶች አላደረጋቸውም። ቀኑን ለሰው፣ ሌሊቱን ለአራዊት የከፈለ አንድ ባለቤት እንዳለ ነው የሚነግረን። እግዚአብሔር ለኢዮብ ከዐውሎ ነፋስ ውስጥ በመለሰለት ጊዜም (ኢዮብ 38-39) ስለ አመዳይ መዛግብት፣ ስለ ቁራ ጫጩቶች ምግብና በዓለት ላይ ስለሚወልዱት የዱር ፍየሎች ጠይቆታል። ይህም ሰው ያልቆጠራቸውንና ያልመገባቸውን ፍጥረታት እግዚአብሔር እንደሚያውቃቸው ለማስረዳት ነው።

3. እረኞቹ ስለ ምን ነቅተው ነበር?

ቅዱስ ሉቃስ በምዕራፍ 2 ጌታ በተወለደ ሌሊት እረኞች በሜዳ መንጋቸውን ይጠብቁ እንደነበር ይነግረናል። ይህን ቃል ብዙ ጊዜ ስለሰማነው እረኞቹ ስለ ምን እንዳልተኙ አንጠይቅም። በዚያ ዘመን በይሁዳ ኮረብታዎች አውሬ ነበረ፤ ዳዊትም በዚያው በቤተልሔም እረኛ ሳለ ከአንበሳና ከድብ አፍ በግ አስጥሏል (1ሳሙ. 17)። እንግዲህ እረኞቹን በሌሊት ካነቃቸው ነገር አንዱ የአውሬ ሥጋት ነው ብንል አንሳሳትም። ሌላው ሰው ተኝቶ ሳለ የምሥራቹን መጀመሪያ የሰሙት፣ ለበጎቻቸው ሲሉ ብርዱን ታግሠው የነቁት ድሆች ናቸው። የተራራው ገበሬ በበረቱ ደጅ የሚያሳልፈው ሌሊት በእግዚአብሔር ዘንድ የተናቀ እንዳልሆነ ከዚህ እንረዳለን።

ጌታችንም ራሱ በምድረ በዳ በተፈተነ ጊዜ ከአራዊት ጋር እንደነበረ ቅዱስ ማርቆስ በምዕራፍ 1 ይመሰክራል። ወንጌላዊው አራዊቱን ስለ መግደሉ ወይም ስለ ማባረሩ አንዳች አልጻፈም።

4. የሕጉና የቤተክርስቲያን ትምህርት

በኦሪት ዘጸአት 23 እግዚአብሔር እርሻ በሰባተኛው ዓመት እንዲያርፍ ያዝዛል። ከዚያ እርሻ የሚገኘውን መጀመሪያ የሕዝቡ ድሆች፣ ከእነርሱ የተረፈውን ደግሞ የዱር አራዊት እንዲበሉት ይፈቅዳል። ድሃውም አውሬውም በአንድ ሕግ ውስጥ ተቆጥረዋል፤ ቅደም ተከተላቸው ግን ግልጽ ነው። ከዚያ አስቀድሞ በምዕራፍ 22 የድሃውን መጎናጸፊያ በመያዣነት የወሰደ ሰው ፀሐይ ሳትጠልቅ እንዲመልስለት ታዟል፤ ድሃው በሌሊት የሚለብሰው ሌላ የለውምና።

ቅዱስ ፍራንቸስኮስ ዘአሲዚም በዚሁ መንገድ ሄዷል። እርሱ በ1223 (እ.ኤ.አ.) በግሬቾ የልደትን ግርግም በማዘጋጀቱ ይታወቃል። የሕይወት ታሪኩን የጻፈው ቶማስ ዘቸላኖ እንደሚተርከው፣ በልደት ቀን ባለጸጎች ድሆችን እንዲያጠግቡ፣ በሬዎችና አህዮች ከወትሮው የበለጠ መኖ እንዲያገኙ፣ ለወፎችም በየመንገዱ እህል እንዲበተን ይመኝ ነበር። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ በ1979 (እ.ኤ.አ.) የሥነ ፍጥረት ጥበቃ ባልደረባ ቅዱስ አድርገው ሰይመውታል።

በ1992 (እ.ኤ.አ.) የወጣው የካቶሊክ ቤተክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ (ቁ. 2415-2418) ሰው እንስሳትን ለምግብና ለልብስ መጠቀሙ የተገባ መሆኑን፣ ያለ ምክንያት ማሠቃየትና መግደል ግን ከሰው ክብር ጋር እንደማይስማማ ያስተምራል። ለሰው ችግር ማዋል የሚገባንን ገንዘብ በእንስሳት ላይ ማባከንም እንደማይገባ ያክላል። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስም በ2015 (እ.ኤ.አ.) ላውዳቶ ሲ በተባለው መልእክታቸው የምድር ጩኸትና የድሆች ጩኸት ተለያይተው ሊሰሙ እንደማይገባ አስተምረዋል።

5. የተራራው ሰው ሸክም

ይህን ትምህርት ወደ ሀገራችን ስናመጣው የሚያስጨንቅ ነገር እናገኛለን። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1978 (እ.ኤ.አ.) በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ በ1996 በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ገብቶ በ2017 ከዚያ ወጥቷል። ከዚህ ጥቂት ቀደም ብሎ በ2016 በፓርኩ ውስጥ ይኖሩ የነበሩ ከ400 በላይ የጊጭ መንደር ቤተሰቦች ወደ ደባርቅ ተዛውረዋል። በዋልያና በቀይ ቀበሮ መኖር ዓለም ሁሉ ይደሰታል። ርስቱን የለቀቀው፣ ገብሱን ጭላዳ የሚበላበት፣ በጉን አውሬ የሚነጥቅበት ግን ያ በተራራው ላይ በብርድ የሚያድረው ሰው ነው።

ስለዚህ በከተማ በሞቀ ቤት ተቀምጠን ለዚህ ሰው አራዊትን እንዲወድ ብቻ መስበክ ፍትሕ አይሆንም። ፍጥረት የሁላችን አደራ ከሆነ፣ የጥበቃውም ዋጋ የሁላችን ዕዳ ነው። በአንጻሩ ድህነት አራዊትን ለማጥፋት ፈቃድ አይሰጥም። ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ ከ500 የማይበልጡ ጎልማሶች ብቻ ቀርተውታል፤ አንዳንዴ ግልገል ቢነጥቅም አብዛኛው ምግቡ የሜዳ አይጥና ፍልፈል ነው። ይህ ፍጥረት ከጠፋ መልሶ ሊፈጥረው የሚችል ሰው የለም።

6. ምን እናድርግ?

አንደኛ፤ ውሾቻችንን የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት እናስከትብ። በባሌ ተራሮች በ1991፣ በ2003፣ በ2008 እና በ2014 (እ.ኤ.አ.) ይህ በሽታ ብዙ ቀይ ቀበሮዎችን ፈጅቷል፤ ወደ እነርሱም የሚደርሰው ከውሾች ነው። የሰውንም ሕይወት የሚቀጥፈው ይኸው በሽታ ነው።

ሁለተኛ፤ መርዝ የተነከረ ሥጋ በሜዳ አንጣል። መርዙ ጅብን ብቻ መርጦ አይገድልም፤ አሞራውን፣ ቀበሮውንና የጎረቤትን ውሻ አብሮ ይገድላል። ከዚህ ይልቅ በረትን በደቦ ማጠናከርና ሌሊቱን በተራ መጠበቅ ይበልጣል።

ሦስተኛ፤ በግ የተነጠቀበትን ጎረቤት ብቻውን አንተወው። ቤት ለተቃጠለበት ወገኑ እንጨትና ሣር የሚያዋጣ ሕዝብ፣ በግ ለተበላበትም አንዲት ጠቦት ማዋጣት አያቅተውም። የየቁምስናው የበጎ አድራጎት ማኅበራት ይህን ሊያስቡበት ይገባል።

አራተኛ፤ በልደት ሰሞን ብርድ ልብስና ጋቢ ወደ ደጋው ይላክ። የዘጸአትን ሕግ የምናነብ ሰዎች፣ ድሃው በሌሊት ምን ለብሶ እንደሚተኛ ልንጠይቅ ግድ ነው።

አምስተኛ፤ ከአባቶቻችን እንማር። በመንዝ የጓሳ ሣር ለዓመታት ሳይታጨድ ተጠብቆ፣ በማኅበር ውሳኔ በተወሰነ ጊዜ ብቻ ይከፈት ነበር። በዚህም ለቤት ክዳን የሚሆን ሣር ለሰው፣ መጠለያም ለአራዊት ተገኝቷል።

እንግዲህ በመጀመሪያ ላነሣነው ጥያቄ መልሱ ይህ ነው። የተራራው ገበሬ የሠለስቱ ደቂቅን መዝሙር ብቻውን እንዲዘምር አልታዘዘም። እነዚያም ወጣቶች በእቶኑ ውስጥ ብቻቸውን አልነበሩም፤ አራተኛው አብሯቸው ነበረ። እኛም በወንድማችን የብርድ ሌሊት ከእርሱ ጋር ስንገኝ ከእርሱ ጋር የመዘመር መብት ይኖረናል።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

ሀ) መዝሙር 103 (104)ን ከቁጥር 18 እስከ 23 አንብቡ። በአካባቢያችን በሌሊት የሚንቀሳቀሱት አራዊት የትኞቹ ናቸው? ስለ እነርሱ ልጆቻችንን ምን እናስተምራለን?

ለ) በቁምስናችን በአራዊት ምክንያት እህሉን ወይም በጉን ያጣ ሰው አለን? ምን ተደረገለት?

ሐ) በዚህ በልደት ወራት ድሃውን፣ የቤት እንስሳውንና የዱሩን ፍጥረት በአንድነት የሚያስብ ምን ሥራ ልንሠራ እንችላለን?

የቁርና የአመዳይ፣ የሰውና የአራዊት ሁሉ ፈጣሪ የሆነ እግዚአብሔር፣ በዚህ ሌሊት በብርድ የሚያድሩትን ሁሉ ይጠብቅልን። አሜን።