ፈረንሳይኛን ከሰው ሠራሽ ተነጋጋሪ ጋር ስለ መለማመድ

ከሞጣ ገበያ የተጫነ ሽምብራ በቢቸናና በደጀን አልፎ፣ ዐባይን ተሻግሮ አዲስ አበባ ይደርሳል፤ ከዚያም ወደ ውጭ አገር የሚላክ እንደ ሆነ አብዛኛውን ጊዜ መውጫው የጂቡቲ ወደብ ነው። ወደ ሞጣ ሱቆች የሚገባው ጨርቅ፣ የመኪና መለዋወጫና የቤት ዕቃም የሚመጣው በዚያው በር ነው። ከኢትዮጵያ የገቢና የወጪ ንግድ ከመቶ ዘጠና ያህሉ በጂቡቲ በኩል እንደሚያልፍ ለነጋዴ መንገር ለቀባሪው እንደ ማርዳት ይቈጠራል።

ጂቡቲ በ1977 እ.ኤ.አ. ነጻነቷን ካገኘች ጀምሮ የመንግሥቷ ቋንቋዎች ፈረንሳይኛና ዐረብኛ ናቸው። በወደቡ አካባቢ አማርኛ የሚያውቅ ሰው አይታጣም፤ የመርከብ ኩባንያዎችም ብዙውን ወረቀታቸውን በእንግሊዝኛ ይጽፋሉ። ስለዚህ ነገር በደኅና ሲሄድ ፈረንሳይኛ አለማወቅ አያስቸግርም። ዕቃ ሲጐድል፣ ጆንያ ሲቀደድ፣ ክርክር ተነሥቶ ጉዳዩ ወደ መንግሥት መሥሪያ ቤት ሲያመራ ግን ብዙ ጊዜ የሚጻፈው በፈረንሳይኛ ነው፤ ነጋዴውም ስለ ገዛ ገንዘቡ ሌሎች ሲነጋገሩ አፋቸውን እያየ ይቀመጣል። ዘወትር የምንጠራው «ትራንዚተር» የሚለው ስም ሳይቀር ከፈረንሳዮች አፍ የመጣ ነው።

ነገሩ ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም። ከጣልያን ወረራ በፊት በአገራችን ከውጭ ቋንቋዎች ሁሉ ይበልጥ የተስፋፋው ፈረንሳይኛ ነበር። አሊያንስ ኢትዮ ፍራንሴዝ በአዲስ አበባ የተቋቋመው በ1907 እ.ኤ.አ. ነው፤ በ1917 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ የደረሰው የምድር ባቡርም የሥራ ቋንቋው ፈረንሳይኛ ስለ ነበረ፣ «ላ ጋር» ማለት ጣቢያው የተባለው ቃል እስከ ዛሬ «ለገሃር» ሆኖ ቀርቷል። በኋላ እንግሊዝኛ በትምህርት ቤት ስፍራውን ስለ ወሰደ፣ የዛሬው ነጋዴ ጥቂት እንግሊዝኛ ሲኖረው ፈረንሳይኛ ግን አንድ ቃል የለውም። ባለ ሱቁም ሱቁን ዘግቶ አዲስ አበባ ሄዶ እንዲማር ማዘዝ የማይሆን ምክር ነው።

ከዚህ የተነሣ ይመስላል፣ በስልክ አማካይነት ሰው ሠራሽ አስተውሎት ካለው ተነጋጋሪ ጋር፣ በተለምዶ ቻትቦት ከሚባለው ጋር፣ ፈረንሳይኛን መለማመድ የነጋዴን ጆሮ የሳበው። ዱኦሊንጎ የተባለው የቋንቋ መማሪያ በመጋቢት 1923 ሳይሆን በመጋቢት ወር 2023 እ.ኤ.አ. ለፈረንሳይኛና ለስፓኝኛ ተማሪዎች አንድ አዲስ ዘዴ አወጣ፤ ይኸውም ተማሪው ከተፈጠረ ገጸ ባሕርይ ጋር በቡና ቤት ወይም በመንገድ ላይ እንደ ተገናኘ ሆኖ የሚነጋገርበት ነው። ቻትጂፒቲንና እርሱን የመሳሰሉትን ደግሞ ተማሪው ራሱ «እንዲህ ያለ ሰው ሁን» ብሎ ሊያዛቸው ይችላል። ለነጋዴ የሚጠቅመው ይህ ሁለተኛው ነው፤ ቡና ማዘዝ መማር ለሽርሽር የሚሄድ ሰው ትምህርት ነውና።

ቋንቋን በተፈጠረ ንግግር ማስተማር ራሱ አዲስ ነገር አይደለም፤ እንዲያውም በእኛ ዘንድ አባት አለው። በዘጌ የተወለዱት አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1908 እ.ኤ.አ. በሮማ ከተማ ያሳተሙት በፈረንሳይኛና በአማርኛ የተዘጋጀ የመንገደኛ መምሪያ፣ ወደ አበሻ አገር የሚመጣው እንግዳና ያገሩ ሰው የሚያደርጉትን ንግግር እየጻፈ የሚያስተምር ነበር። አፈወርቅ ያን ጊዜ አማርኛን ለፈረንጅ ሲያስተምሩ፣ ዛሬ የሞጣው ነጋዴ መንገዱን ገልብጦ ይሄድበታል። በመጽሐፍና በተነጋጋሪው መካከል ያለው ልዩነት ግን ትልቅ ነው፤ በመጽሐፍ የተጻፈ ሰው መልሱን አይለውጥም፤ ተማሪው ንግግሩን በቃሉ ቢያጠና፣ እውነተኛው ሰው ሌላ ነገር በተናገረ ጊዜ ዝም ብሎ ይቀራል።

የጐጃም ሰው ይህን ልዩነት ለመረዳት ሩቅ አይሄድም። በቢቸና አጠገብ ባለው በዲማ ጊዮርጊስ የቅኔ ተማሪ የመምህሩን ቅኔ በመቀበል ብቻ አይመረቅም፤ የራሱን ቅኔ ቈጥሮ በመምህሩ ፊት ያቀርባል፤ መምህሩም ያርመዋል፤ ተማሪውም በማግሥቱ ሌላ ይዞ ይመጣል። ፈረንሳይኛም በዚሁ ዐይነት የሚያዘው ተማሪው ከራሱ ጉዳይ ዐረፍተ ነገር ፈጥሮ ሲታረም ነው። መሣሪያው በዚህ ረገድ ትዕግሥቱ የማያልቅ አራሚ ነው፤ በሌሊት ቢጠሩት አይቈጣም፤ መቶ ጊዜ ቢስቱ አይሥቅም።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ብዙ ሰው «ፈረንሳይኛ አስተምረኝ» ብሎ ይጀምርና በሦስተኛው ቀን ይተወዋል። ትእዛዙ ግን ከነጋዴው ሥራ መውጣት አለበት፤ በአማርኛ ወይም በእንግሊዝኛ እንዲህ ተብሎ ሊጻፍ ይችላል፤ «አንተ በጂቡቲ ወደብ የመጋዘን ሹም ነህ። እኔ ከሞጣ የመጣሁ ነጋዴ ነኝ። ከዕቃዬ ሦስት ጆንያ ጐድሏል፤ አንተ ግን አልጐደለም ብለህ ተከራከረኝ። በቀላል ፈረንሳይኛ፣ በየተራው ከአንድ ዐረፍተ ነገር ሳታልፍ ተናገር። ንግግሩ እስኪያልቅ አታርመኝ፤ ሲያልቅ ስሕተቴን አንድ በአንድ ቈጥረህ አስረዳኝ።»

ከዚህ በኋላ የሚሆነው ይህን የመሰለ ነው።

ሹሙ፦ «ቦንዡር፣ ሞሲዩ። ከ ዴዚሬ ቩ?» (ምን ይፈልጋሉ?)

ነጋዴው፦ «ኢል ማንክ ትርዋ ሳክ።» (ሦስት ጆንያ ጐድሏል።)

ሹሙ፦ «ኖን፣ ሞሲዩ። ለ ኮንት ኤ ቦን።» (የለም፤ ቈጠራው ልክ ነው።)

ነጋዴው፦ «ፑቬ ቩ ርኮንቴ፣ ሲል ቩ ፕሌ?» (እባክዎ እንደ ገና ሊቈጥሩ ይችላሉ?)

ሹሙ፦ «ለ ማጋዛን ኤ ፌርሜ።» (መጋዘኑ ተዘግቷል።)

እዚህ ላይ ተማሪው ያልተዘጋጀበት ነገር መጣበት፤ ትምህርቱም የሚጀምረው እዚህ ነው። ቃሉ ከጠፋው ስልኩን ከመዝጋት ይልቅ «ዠ ኔ ፓ ኮምፕሪ» (አልገባኝም) ብሎ እንዲደገምለት ይጠይቅ። በወደብም የሚያደርገው ይህንኑ ነውና።

ተከራከረኝ የሚለው ትእዛዝ ለጨዋታ ያህል የገባ አይደለም። እነዚህ ተነጋጋሪዎች ሲሠሩ ሰውን ደስ ማሰኘት የተለማመዱ ናቸው፤ ካልተከለከሉ በቀር ነጋዴው የጠየቀውን ዋጋ ወዲያው ይቀበላሉ፣ ይቅርታ ይጠይቃሉ፣ የተሰባበረውንም ፈረንሳይኛ «እጅግ መልካም» ይሉታል። በዚህ ዐይነት አንድ ወር የተለማመደ ሰው የሚያውቀው እሺ የሚል ደንበኛን ብቻ ስለ ሆነ፣ የመጀመሪያው እውነተኛ «ኖን» ያስደነግጠዋል። ሞጣ ገበያ ላይ እንዲህ ያለ ሻጭ ወይም ገዥ ማን አይቶ ያውቃል? ስለዚህ ሹሙን አስቸጋሪ፣ ችኩል፣ አንዳንድ ጊዜም ቍጡ እያደረጉ መለዋወጥ ይሻላል።

ሌላው ችግር የጆሮ ነው። ፈረንሳዮች ሰባን «ስልሳ ዐሥር»፣ ሰማንያን «አራት ሃያ»፣ ዘጠናን «አራት ሃያ ዐሥር» ብለው ይቈጥራሉ። የጂቡቲ ተንቀሳቃሽ ስልክ ቍጥር ደግሞ በ77 ይጀምራል፤ ይህም «ሷሳንት ዲ ሴት» ማለት ስልሳ ዐሥራ ሰባት ነው። ያልለመደ ሰው ሲነገረው 60 ብሎ ይጽፍና 17 ያስከትላል፤ ስልኩም ለማንም አይደርስም። ተነጋጋሪው በእያንዳንዱ ንግግር ውስጥ ከ70 እስከ 99 ያሉትን ቍጥሮች በዋጋ፣ በክብደትና በስልክ እያስገባ እንዲጠይቅ ቢታዘዝ፣ ይህ አንዱ ልምምድ ብቻ ድካሙን ይክሳል።

ፊደላችንም ሁሉን ድምፅ አይችልም። «ከላይ» እና «ከታች» የሚሉት ሁለቱ የፈረንሳይኛ ቃላት በእኛ ፊደል ሲጻፉ ሁለቱም «ደሱ» ይሆናሉ፤ የሚለያቸው የመጨረሻው ድምፅ በአማርኛ የለም። የሚሰበር ዕቃ ያለበት ሣጥን ከላይ ይጫን ያለው ነጋዴ፣ ከታች ተጭኖ ቢያገኘው በጫኚው ሊፈርድ አይችልም። በአንጻሩ «አተር» የሚለው ቃልና «ክብደት» የሚለው ቃል ሲነገሩ ሁለቱም «ፑዋ» ናቸው፤ ሽምብራ «ፑዋ ሺሽ»፣ የተጣራ ክብደት «ፑዋ ኔት» ይባላል። ይህን ጥንድ የሚለየው በዙሪያው ያለው ንግግር ብቻ ነው። ስለዚህ በጽሑፍ ብቻ መለማመድ አይበቃም፤ በድምፅ ማዳመጥና መናገር ያስፈልጋል። መሣሪያው ግን የተማሪውን ድምፅ አሳስቶ እንደ ልክ ሊቀበል ስለሚችል፣ በድምፅ ነገር ሰው ሳያዳምጥ እርግጠኛ መሆን አይገባም።

ስለ አክብሮትም አንድ ቃል። ፈረንሳይኛ እንደ አማርኛ «አንተ» እና «እርስዎ» አለው፤ «ቲዩ» እና «ቩ» ይባላሉ። ተነጋጋሪውን «ወዳጄ ሁን» ያለ ሰው በ«ቲዩ» ይነገረዋል፤ እርሱም ይህንኑ ለምዶ የጕምሩክ ሹምን «አንተ» ይላል። ሽማግሌውን «አንቱ» እያለ ያደገ የጐጃም ሰው ይህ ምን እንደሚመስል ያውቀዋል። ለንግድ ሥራ «ቩ» ብቻ ይበቃል።

ሰዓትንና ቀንን በሚመለከት መሣሪያው ነጋዴው ኢትዮጵያዊ መሆኑን ረስቶ ያልፋል። «በሦስት ሰዓት እመጣለሁ» ሲል ጧት ማለቱ ነው፤ «ትርዋ ዘር» ብሎ ሲተረጕመው ግን ለጂቡቲው ሰው ከቀትር በኋላ፣ በእኛ ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። መስከረም 1 ቀን 2018 ዓ.ም. በእነርሱ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2025 ነበር። የባንክ ክፍያ ሰነድ የሚያልቅበት ቀን በዚህ ቢሳሳት የሚመጣውን ኪሳራ ላኪዎች ያውቁታል፤ ስለዚህ ቀጠሮ መያዝን ራሱን እንደ አንድ ጨዋታ አድርጎ መለማመድ መልካም ነው።

ከዚህ ቀጥሎ የሚነገረው ማስጠንቀቂያ ነው። በ1966 እ.ኤ.አ. ጆሴፍ ዋይዘንባውም የተባሉ የአሜሪካ ሊቅ ኤሊዛ የተባለች የመጀመሪያ ተነጋጋሪ ፕሮግራም አወጡ። ኤሊዛ ምንም የማታውቅ፣ የሰውን ቃል እየገለበጠች የምትመልስ ነበረች፤ ሆኖም የገዛ ጸሐፊያቸው ከርሷ ጋር ስትነጋገር ሊቁን ከክፍሉ እንዲወጡላት እንደ ለመነቻቸው ራሳቸው ጽፈዋል። የዛሬዎቹ ከኤሊዛ እጅግ የረቀቁ ስለ ሆኑ ሰው ምሥጢሩን ለማውጣት ይበልጥ ይፈተናል። የእውነተኛ ደንበኛ ስም፣ የባንክ ሒሳብ ቍጥር፣ የገዙበት ዋጋ በጨዋታው ውስጥ አይግባ፤ ስሙም ዋጋውም ይፈጠር። የመጋዘን ሹም የተደረገው ገጸ ባሕርይ ስለ ቀረጥ ወይም ስለ ወደብ ኪራይ የሚናገረውንም ቍጥር ማንም እንዳያምን፤ ሲያጣ ይፈጥራልና፣ ሲፈጥርም ፊቱን አይለውጥም። የጂቡቲን ቀረጥ ትራንዚተሩን መጠየቅ ነው።

ወጪውን በሚመለከት፣ በጽሑፍ የሚደረግ ንግግር ጥቂት ኢንተርኔት ይበቃዋል፤ በድምፅ የሚደረገው ብዙ ይበላል። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት መቈየቱን ሁሉም ያስታውሳል፤ ስለዚህ ጥሩ የሆነውን ንግግር በደብተር መገልበጥ ብልኅነት ነው። መስመር በጠፋ ጊዜ ሁለት ባለ ሱቆች ማታ ሱቃቸውን ከዘጉ በኋላ አንዱ ሹም፣ አንዱ ነጋዴ ሆነው ሊጫወቱት ይችላሉ። በጂቡቲ መስመር የሚመላለስ ሾፌር ቢገኝ ደግሞ ከመሣሪያው ይልቅ እርሱ የወደቡን ሰው አነጋገር ያውቃል፤ አንድ ሻይ ጋብዞ ሹም ማድረግ ነው።

የሦስቱ ጆንያ ጨዋታ እንዴት ማለቅ እንዳለበት ተነግሮ ይቁም። ተነጋጋሪው የመረከቢያውን ወረቀት አቅርቦ «ሲኜ ኢሲ» (እዚህ ይፈርሙ) እንዲል ይታዘዝ። ጐደሎ ሲገኝ ተረካቢው በወረቀቱ ላይ የሚጽፈው ማስታወሻ በፈረንሳይኛ «ሬዜርቭ» ይባላል፤ ሳይጽፉት ከፈረሙ ዕቃው ሙሉ ሆኖ እንደ ተረከቡ ያስቈጥራል። ስለዚህ ነጋዴው ከመፈረሙ በፊት «አቬክ ሬዜርቭ፣ ፓር ኤክሪ፣ ሲል ቩ ፕሌ» (ከማስታወሻ ጋር፣ በጽሑፍ፣ እባክዎ) ይበል፤ ሹሙም ሦስት ጊዜ እምቢ ብሎ በአራተኛው ብቻ እንዲቀበል ይደረግ።