ከዋጃ እስከ ኮረም፦ ሚሲዮናዊ ሐኪም ማለት ምን ማለት ነው?

ጉዞው

ከዋጃ ተነስተን አላማጣን እንዳለፍን የግራካሱ ዳገት ጀመረ። መኪናው በተጠማዘዘ ቁጥር ተማሪዎቼ ሎሚ እየተቀባበሉ ያሸታሉ፤ ሁለቱ ሎሚውም አላዳናቸው። የማሽላውን ቆላ ቁልቁል ትተን ኮረም ስንደርስ ጋቢ ያልያዘ ሁሉ እጁን ብብቱ ውስጥ ከቷል። ያመጣኋቸው ሜዳውን ላሳያቸው ነው። በ1928 ዓ.ም. በጣልያን ወረራ ጊዜ የሐኪሞች ድንኳን የተተከለው በኮረም ነበር።

ስሙ የሚያሳስተው

ስለ ሚሲዮናዊ ሐኪም ሳነሳባቸው፣ «ሚሲዮን ሃይማኖት ሊያስቀይር የሚመጣ አይደል እንዴ መምህር?» አለኝ አንዱ። ግማሹ ልክ ነው። ሚሲዮናዊ ሐኪም ወንጌልንም መርፌንም ይዞ፣ ሌላ ሐኪም ወደማይደርስበት አገር የሚሄድ ሰው ነው። በዓለም ስመ ጥር ከሆኑት አንዱ እንግሊዛዊው ዊልፍሬድ ግሬንፌል ነው። እ.ኤ.አ. በ1892 ዓሣ አጥማጆችን ሊያክም በሰሜን አሜሪካ ወደሚገኘው በረዷማው የላብራዶር ጠረፍ ሄደ፤ ባሕሩ ሲከፈት በጀልባ፣ በረዶ ሆኖ ሲረጋ ደግሞ ውሻ በሚጎትተው ተንሸራታች በየመንደሩ ይዞር ነበር። እኛ ባሕር የለንም። ግን ድልድይ ባልነበረበት ዘመን ጎሊናና ሆርማት ሲሞሉ፣ በሽተኛ የተሸከመ ሰው ውኃው እስኪጎድል ዳር ላይ ቆሞ መጠበቅ ነበረበት። የሐኪም ሩቅነት እዚህም እዚያም ያው ነው።

በወሎ የሚሲዮን ሕክምና ዋና ቦታ ደሴ ነበር፤ አድቬንቲስቶች የሚያስተዳድሩት ተፈሪ መኮንን ሆስፒታል እዚያ ነበረ። የጣልያን አውሮፕላኖች ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ደሴን ሲደበድቡ ይህም ሆስፒታል ተመታ።

ድንኳኑ

እዚህ ላይ አንድ ቃል ላቃና። «አምቡላንስ» ስላችሁ ጡሩንባ የሚነፋ መኪና ታስባላችሁ። ያኔ አምቡላንስ ማለት ሐኪሙን፣ አልጋውን፣ ድንኳኑንና የጭነት መኪናውን ይዞ ጦር የሚከተል ሙሉ ሆስፒታል ነው። ወደ ኮረም የመጣው የእንግሊዝ አምቡላንስ መሪ ጆን ሜሊ በኢትዮጵያ ሚሲዮናዊ ሐኪም ሊሆን ያሰበ ሰው ነበር። ጦርነቱ ሲመጣ ሐሳቡን ትቶ ቁስለኛ ማንሳት ያዘ።

የካቲት 25 ቀን 1928 ዓ.ም. ቀይ መስቀሉ ከላይ በግልጽ እየታየ ድንኳኖቹ በቦምብ ተደበደቡ። ታካሚዎች ሞቱ።

ልጆቹ ግን ከቦምቡ ይልቅ ጣልያን ከአውሮፕላን ስለረጨው የመርዝ ጋዝ ነው የጠየቁኝ። የሰናፍጭ ጋዝ፣ ስሙ ጋዝ ይባል እንጂ፣ ዘይት መሰል ፈሳሽ ነው። ከአውሮፕላን ሲረጭ ሣርና ቅጠል ላይ ይጣበቃል። የነካው ሰው ወዲያው አያመውም፤ ሰዓታት ቆይቶ ቆዳው ውኃ ይቋጥራል፣ ይላጣል፣ ዓይኑ ያብጣል። በባዶ እግሩ ሣር ረግጦ የሚሄድ ወታደር እንዴት ይሸሸዋል? ይህን ስነግራቸው አንዷ ተማሪ ከሣሩ ወጥታ ድንጋይ ላይ ቆመች። ሳቁባት፤ እኔ አልሳቅሁም።

ከሜሊ ጋር ጆን ማክፊ የሚባል ሐኪም ነበር፤ ማስታወሻውንም በመጽሐፍ አሳትሟል። ሙያው የሞቃት አገር በሽታና የትንኝ ጥናት ነበር። ለወባ ቆላ እንዲህ ያለ ሰው ከየት ይገኛል! እጣው ግን የተቃጠለ ቆዳ ማከም ሆነ። ሜሊ ራሱ ጣልያን ሊገባ ሲል አዲስ አበባ ውስጥ በተነሳው ዘረፋ ጊዜ ቁስለኛ ሲረዳ በጥይት ተመትቶ ሚያዝያ 27 ቀን፣ ጣልያን ከተማዋን በያዘ ዕለት፣ ሞተ።

ክፍትና ዝግ

ከነጻነት በኋላ፣ በ1936 ዓ.ም.፣ መንግሥት ስለ ሚሲዮኖች ድንጋጌ አወጣ። አገሩ «ክፍት» እና «ዝግ» ተብሎ ተከፈለ። የኦርቶዶክስ ምእመን በሚበዛበት ዝግ አካባቢ ሚሲዮን ሆስፒታል መክፈት ይችል ነበር፤ ሃይማኖቱን የማይሰብክ ትምህርት ቤትም እንዲሁ። ስብከት ግን አይፈቀድለትም ነበር። መርፌው ይግባ፣ ስብከቱ ደጅ ይቅር እንደማለት ነው። ለእኔ ብልህ ስምምነት ነበር፤ ማንም ሐኪም አልተከለከለም፣ ማንም ስለታከመ ሃይማኖቱን አልተጠየቀም፤ ቢያንስ በወረቀቱ ላይ።

ቁልቁለቱን ስንወርድ ያው ልጅ ከኋላ ወንበር ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «ሐኪሙ ከበሽተኛው አልጋ አጠገብ ቆሞ ቢጸልይስ መምህር? ስብከት ነው?» አለኝ።

መልስ ስፈልግ ዋጃ ደረስን።