ለወዳጅ የማይሰጥ ስጦታ

አሶሳ ከተማ ዳር፣ ከአንድ ግቢ ማንጎ ሥር፣ ከሰዓት በኋላ ነው። ጀበናው ከረመጡ ላይ ተጥዷል። አዛውንቱ በ1977 ዓ.ም. ከወሎ ከመጡት ሰፋሪዎች አንዱ ሲሆኑ ረጅም ዘመን በጤና ረዳትነት አገልግለው ጡረታ ወጥተዋል። ወጣቱ የጎረቤት ልጅ ነው፤ ባጃጅ ይነዳል።

ወጣቱ፦ አባባ፣ የጠሩኝ እናቴ ነግራዎት ነው አይደል?

አዛውንቱ፦ እናትህ ምንም አላለችኝም። ትናንት ሰላም ስትለኝ ሸሚዝህ ነገረኝ። ተቀመጥ፣ ቡና ጠጣ። ልቆጣህ አይደለም የጠራሁህ።

ወጣቱ፦ እኔ እኮ አጫሽ አይደለሁም። ብቻዬን ስሆን ትዝም አይለኝ። ተራ ላይ ተሳፋሪ ስንጠብቅ፣ ወይም ማታ ተሰብስበን ስንቅም ነው። በቀን አንድ ሁለት ፍሬ ብትሆን ነው።

አዛውንቱ፦ የመጀመሪያዋን ማን ሰጠህ?

ወጣቱ፦ ጓደኛዬ። አንድ ማታ ባጃጄ መንገድ ላይ ቆማብኝ ሥራውን ትቶ ሲረዳኝ አመሸ። ስትነሳልን ደስ ብሎት አንድ ሲጋራ ለኮሰ፤ ግማሹን ስቦ ግማሹን "እንካ" አለኝ። እንዲህ የደከመልኝን ሰው እንዴት እምቢ እላለሁ?

አዛውንቱ፦ እኔም እምቢ አላልኩም። እዚህ ስንመጣ ዕድሜዬ ካንተ ያነሰ ነበር። ከደጋ ወጥተን ቆላ ወረድን፤ ወባው ይጥለናል፣ ማታ ማታ የአገራችን ነገር ያስለቅሰናል። ከአንድ ጎጆ ያደርን አንድ ልጅ ነበር፤ ከእኔ በጥቂት ይበልጣል። አንድ ሌሊት እንቅልፍ አጥቼ ስገላበጥ ሰማኝ። ኒያላ ለኩሶ "እንካ፣ ይረሳሃል" አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወንድሜ ሆነ። እና ልጄ፣ ሲጋራን ከጠላቱ ተቀብሎ የጀመረ ሰው አላየሁም። የሚሰጥህ የምትወደው ሰው ነው። ከባድ የሚያደርገውም ይኸው ነው። እኛ በጉርሻ ያደግን ሰዎች ነን፤ "እንካ" ብሎ የተዘረጋ እጅ መመለስ ሰውየውን መመለስ ይመስለናል።

ወጣቱ፦ እናቴ ግን "ከአህያ ጋር የዋለች ጊደር ፈስ ተምራ መጣች" ትለኛለች። ከልጆቹ እንድለይ ነው የምትፈልገው።

አዛውንቱ፦ እናት ናትና ፈርታ ነው። እኔ ግን በዚህ አልስማማም። ባጃጅህን ሲገፋልህ ያመሸ ልጅ አህያ አይባልም። ከጓደኛህ ተለይ አልልህም። ሲጋራውን ከጓደኝነታችሁ ለዩት ነው የምልህ።

ወጣቱ፦ እዚሁ ክልላችን የጉሙዝ ሽማግሌዎች ጋያ ያጨሱ የለ? ሴቶቹም ጭምር። ተቀምጠው እየተቀባበሉ ሲጨዋወቱ አይቻለሁ። ባህል አይደለም እንዴ?

አዛውንቱ፦ ነው። በሥራዬ ምክንያት ገጠሩን ስዞር ብዙ ጊዜ አብሬያቸው ተቀምጫለሁ። ቅሉ ውኃ ይይዛል፣ ከላይ ትምባሆውና ፍሙ፣ ጭሱ በውኃው ውስጥ እየተንቦለቦለ ይወጣል። ክብ ሠርቶ መቀመጡ፣ እንግዳን ማስቀደሙ፣ ወሬውን ለሁሉም ማዳረሱ የሚያስቀና ነው። ውኃው ግን ጭሱን ያቀዘቅዘዋል እንጂ መርዙን አያስቀረውም። እንዲያውም ስለቀዘቀዘ ጠልቆ ይገባል። አንዱን አፍ ለብዙ ሰው ማዳረስ ደግሞ እንደ ሳንባ ነቀርሳ ያለውን በሽታ ሊያዛምት ይችላል።

ወጣቱ፦ ዕድሜ ጠግበው የሚያጨሱ አሮጊት ግን አሉ።

አዛውንቱ፦ አሉ። እሳቸውን የምታያቸው በሕይወት ስላሉ ነው። በወጣትነታቸው አብረዋቸው ጋያውን የተቀባበሉትን ሁሉ ዛሬ ታገኛቸዋለህ? የቀበርነውን ሰው ቆጥሮ የሚከራከር የለም። የዓለም ጤና ድርጅት ትምባሆ በየዓመቱ ከ7 ሚሊዮን በላይ ሰው ይገድላል ይላል፤ ከሟቾቹም ራሳቸው አጭሰው የማያውቁ፣ የሌላውን ጭስ የሳቡ አሉበት።

ወጣቱ፦ እሱ ፓኮ ለሚጨርሱት ነዋ። እኔ ሁለት ፍሬ ነው ያልኩዎት።

አዛውንቱ፦ እኔም ለብዙ ዘመን እንዲህ ነበር የምለው። በ2018 እ.ኤ.አ. በታዋቂው የብሪታንያ የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት ግን አፌን ዘጋው። በቀን 20 የሚያጨስ ሰው በልቡ ላይ ከሚያመጣው ተጨማሪ አደጋ፣ በቀን አንዲት ብቻ የሚያጨሰው ግማሽ ያህሉን ይሸከማል። ከ20 አንድ እጅ አይደለም የምልህ፣ ግማሽ ያህሉን ነው። ልብና ደም ሥር በትንሽ ጭስም ይጎዳሉ።

ወጣቱ፦ ብቻዬን ስሆን ትዝ የማይለኝስ ለምንድን ነው? ሱስ ቢሆን ቤትም ያምረኝ ነበር።

አዛውንቱ፦ ኒኮቲኑ ስበኸው ከ10 እስከ 20 ሰከንድ ባለው ጊዜ አንጎልህ ይደርሳል። አንጎልም በዚያች ቅጽበት ያለውን ሁሉ አብሮ ይመዘግባል፤ የተራውን ጥላ፣ የጓደኛህን ሳቅ፣ የጫቱን ምርቃና። ከዚያ በኋላ ጓደኛህን ስታይ ሐራራው ይነሳል። ዛሬ ከጓደኞችህ ጋር ብቻ ነው፤ ነገ ቡና ሲፈላ፣ ከነገ ወዲያ ሲከፋህ ብቻህን ታጨሳለህ። እኔ ነጭ ጋዋን ለብሼ ሰውን እያከምኩ ከጤና ጣቢያው ጓሮ አጨስ ነበር። ዕውቀት አልጎደለኝም።

ወጣቱ፦ ሁሉም ያጨሳል እኮ፣ አባባ።

አዛውንቱ፦ እንዲህ የሚመስልህ አጠገብህ ያሉት ስለሚያጨሱ ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. በተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት ትምባሆ የሚጠቀሙት ከ100 ጎልማሶች 5ቱ ብቻ ነበሩ። በዚያው ዓመት ጃፓን ቶባኮ የተባለው ኩባንያ የብሔራዊ ትምባሆ ድርጅትን 40 በመቶ ድርሻ በ510 ሚሊዮን ዶላር ገዛ። ይህን ያህል ገንዘብ የሚያወጣ ነጋዴ ለእነዚያ 5 ሰዎች ብቻ ብሎ ነው? 95ቱም ይታዩታል። አንተን የሚያገኝህ ደግሞ በጓደኛህ እጅ ነው። ዕድሜህ ስንት ነው?

ወጣቱ፦ 20።

አዛውንቱ፦ በ2011 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 መሠረት 21 ዓመት ላልሞላው ትምባሆ መሸጥ ክልክል ነው። ፓኮው ላይም ፊትና ጀርባውን 70 በመቶ የሚሸፍን የማስጠንቀቂያ ሥዕል እንዲኖር ያዛል። ሥዕሉን አይተኸው ታውቃለህ?

ወጣቱ፦ እውነቱን ለመናገር አላየሁትም። ከሱቅ በደረቴው ፍሬውን ነው የምንገዛው።

አዛውንቱ፦ አየህ፤ ፍሬ የሚገዛ ሰው ማስጠንቀቂያውን አያይም፣ ወጪውንም አይቆጥርም። ያው አዋጅ ሕዝብ በሚገለገልበት ቤት ውስጥም ሆነ ከበሩና ከመስኮቱ 10 ሜትር ሳይርቁ ማጨስን ይከለክላል። ግን ልጄ፣ ሕግ አጠገብህ ተቀምጦ አይውልም። አጠገብህ የሚውለው ጓደኛህ ነው።

ወጣቱ፦ እርስዎ እንዴት ተዉት?

አዛውንቱ፦ ያ የመጀመሪያዋን የሰጠኝ ወንድሜ ደረቱን ታሞ ሆስፒታል ተኛ። ትንፋሽ እያጠረው ደረጃ መውጣት አቅቶት ነበር። የወጣ ቀን ልጠይቀው ስሄድ ምን ልያዝ ብዬ አሰብኩ። የሚወደውን አውቃለሁ፤ አንድ ፓኮ ኒያላ ገዛሁለት። ተቀበለኝና አገላብጦ አየው። ቀና ብሎም "ያበደርኩህን መለስክልኝ" አለኝ። ክፉ ሰው አልነበረም፣ እኔን ለመውቀስም አላለውም። ግን ሁለታችንም የሰጠነውን ያን ቀን አየነው። 24 ዓመት ሙሉ እየተዋደድን ስንገዳደል ኖረናል።

ወጣቱ፦ ከዚያስ?

አዛውንቱ፦ ፓኮውን ከረመጡ ላይ አድርገን አብረን ተውነው። እሱ ዘግይቶ ነበር፤ ብዙ አልቆየም። እኔ ይኸው አለሁ።

ወጣቱ፦ እኔ ነገ ተራ ላይ ምን ልበል? ካልተቀበልኩ ተኮፈሰ ይሉኛል።

አዛውንቱ፦ እጁን ያዘውና "አንተን አይደለም እምቢ ያልኩት፣ ሲጋራውን ነው" በለው። ከዚያ አንተ ቀድመህ ሻይ እዘዝለት። ባዶ እጅህን ስላላገኘው አይከፋውም። ኪስህ ቆሎ ያዝ፤ ሐራራው ሲመጣ ቆርጠም ቆርጠም አድርግ፣ ውኃ ጠጣ፣ ተነስተህ ባጃጅህን ጥረግ። የሚበረታው ለጥቂት ደቂቃ ነው፤ ካለፈ ያልፋል። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ይከብዳሉ። ያን ሰሞን ከጫቱ ራቅ በል፤ ምርቃና ሲጋራ ይጠራል። አንድ ቀን ብትሳሳት ተሸነፍኩ ብለህ አትመለስበት። ዓመት ከቆየህ በልብህ ላይ ያመጣው ተጨማሪ አደጋ በግማሽ ይቀንሳል።

ወጣቱ፦ ብቻዬን የምችለው አይመስለኝም።

አዛውንቱ፦ ብቻህን ማን አለህ? "ድር ቢያብር አንበሳ ያስር" ይባል የለ። ያን ባጃጅህን የገፋልህን ልጅ ለብቻው ጥራና "ደክሞኛል፣ እርዳኝ" በለው። ያን ማታ ሳይጠየቅ የረዳህ ሰው ተለምኖ እምቢ አይልም። ምናልባት እሱም የሚጠብቀው ይህንኑ ነው። በጓደኛ እጅ የገባ ነገር በጓደኛ እጅ ይወጣል።

ወጣቱ፦ ነገ አመጣዋለሁ፣ አባባ። እዚሁ ማንጎ ሥር።

አዛውንቱ፦ አምጣው፣ ቡናውን አፈላለሁ። አንድ ነገር ግን ቃል ግባልኝ። ለራስህ ማቆም ቢያቅትህ እንኳ አጭሶ ለማያውቅ ልጅ "እንካ" አትበል። የእኔ ወንድም እስኪሞት ድረስ የጸጸተው ያጨሰው ሲጋራ አልነበረም። ለእኔ የሰጠኝ አንዲት ሲጋራ ነበረች።