ቆሞ የሰነበተ ናፍጣ

ሞተርሆም የሚባለው፣ መኝታና ማድቤት ተሸክሞ የሚጓዘው መኪና፣ ሞተሩ እንደ ጭነት መኪና ቢሆንም አኗኗሩ ሌላ ነው። የጭነት መኪና ዛሬ የቀዳውን ናፍጣ ነገ ጨርሶ ሌላ ይቀዳል። በአሜሪካ አውራ ጎዳናዎች የሚታየው ትልቁ ሞተርሆም ግን 380 ሊትር ገደማ የሚይዝ ታንክ ይዞ በሞቃቱ ወራት ጥቂት ይነዳና ብርዱ ሲገባ ለወራት ይቆማል። ሲነሳ በሜዳው ደህና ይሄዳል፤ ዳገት ሲጀምር ጉልበቱ ይከዳዋል። ባለቤቱ የናፍጣ ፊልትሮ ያስቀይራል፣ መኪናው ይሻለዋል፣ ከጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር በኋላ ያው ሕመም ይመለሳል። የዚህ ምዕራፍ ክርክር ይህን ድግግሞሽ የሚመለከት ነው። የተደፈነ ፊልትሮ ሥራውን የሠራ ፊልትሮ ነው፤ በሽታው ታንኩ ግርጌ ከተኛው ውሃ ላይ ነው። ያ ውሃ እስካልወጣ ድረስ የሚገዛው አዲስ ፊልትሮ ሁሉ ሕመሙን ያስታግሳል እንጂ አይፈውስም።

አንድ ሊትር ናፍጣ ከ820 እስከ 850 ግራም ይመዝናል፤ አንድ ሊትር ውሃ ደግሞ አንድ ኪሎ። ስለዚህ ታንክ ውስጥ የገባ ውሃ ወደ ታች ይወርዳል፣ ናፍጣው በላዩ ይንሳፈፋል። ሁለቱ በሚነካኩበት ስስ ድንበር ላይ ባክቴሪያ፣ እርሾና ሻጋታ ይራባሉ፤ መኖሪያቸው ውሃው፣ ምግባቸው ናፍጣው ነው። ከእነዚህ አንዱ የሆነው ሆርሞኮኒስ ሬዚኔ የተባለው ሻጋታ በአውሮፕላን ነዳጅ ታንኮች ውስጥ በሚያደርሰው ጉዳት ከታወቀ አሥርት ዓመታት አልፈዋል። ተሕዋስያኑ ሲበዙ ዝልግልግ ጥቁር አተላ ይሠራሉ፣ አሲድም ያመነጫሉ፤ አሲዱ ብረቱን ይበላና ዝገቱ ከአተላው ጋር ተደባልቆ ወደ ፊልትሮው ይጓዛል። ዛሬ የሚሸጠው ናፍጣ ራሱ ለዚህ የተመቸ ነው። በአሜሪካ እስከ 5 በመቶ፣ በአውሮፓ እስከ 7 በመቶ ባዮዲዝል በመደበኛው ናፍጣ ውስጥ ይፈቀዳል፤ ባዮዲዝል ደግሞ ከተራው ናፍጣ የበለጠ ውሃ አሟሙቶ ይይዛል።

«እኔ የምቀዳው ከታወቀ ማደያ ነው» የሚል ሰው ይኖራል። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ በ2016 ይፋ ያደረገው ጥናት ለዚህ መልስ አለው። 42 ከመሬት በታች የተቀበሩ የናፍጣ ማጠራቀሚያዎች ተፈትሸው 83 በመቶዎቹ ውስጣቸው ከመካከለኛ እስከ ከባድ በሆነ ዝገት ተበልቶ ተገኘ። ይበልጥ የሚያሳስበው፣ ከፍተሻው በፊት ችግሩን ያውቁ የነበሩት ባለቤቶች ከሩብ በታች መሆናቸው ነው። ባለማደያው ራሱ የማያውቀውን ነገር ቀጂው በማደያው ስም ብቻ ሊያውቀው አይችልም።

ውሃው ከየት ይመጣል ሲባል ብዙ ሰው «ታንኩ ያልበዋል» ብሎ ያልፋል። ሒሳቡን እንሥራው። በ20 ዲግሪ ሙቀት እርጥበት የጠገበ አየር በአንድ ሜትር ኩብ 17 ግራም ያህል ውሃ ይይዛል። 300 ሊትር ባዶ ቦታ ያለው ታንክ፣ ቀንና ሌሊት በሙቀት 20 ዲግሪ ቢለያዩ፣ በየሌሊቱ 20 ሊትር ገደማ አዲስ አየር ወደ ውስጥ ይስባል። በዚያ አየር ውስጥ ያለው ውሃ ከአንድ ሦስተኛ ግራም ብዙም አይበልጥም። ሁሉም እዚያው ቀረ ብለን ብናስብ እንኳ በስድስት ወር 60 ግራም ይሆናል፤ አንድ የቡና ስኒ ቢሞላ ነው። ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። ከታንክ ግርጌ በሊትር የሚለካ ውሃ ከወጣ ላቡን መወንጀል ከንቱ ነው፤ የተሰነጠቀ የክዳን ጎማ፣ ዝናብ የሚያስገባ የመቅጃ አፍ ወይም ከማደያው አብሮ የተቀዳ ውሃ ይፈለግ። በሌላ በኩል ለሻጋታ ያቺ አንድ ስኒም ትበቃዋለች። ስለዚህ መኪናውን ከማቆም በፊት ታንኩን መሙላት ትክክለኛ ልማድ ነው፤ እስከ 95 በመቶ የተሞላ ባለ 380 ሊትር ታንክ የሚቀረው ባዶ ቦታ 19 ሊትር ብቻ በመሆኑ የሚስበው እርጥበት ከአሥር እጥፍ በላይ ይቀንሳል።

ፊልትሮው ምስክር ነውና ሳይጠየቅ አይጣል። ቅርፊቱን ቆርጦ ወረቀቱን መዘርጋት ብዙ ያስተምራል። ዝልግልግ ጥቁር ነገር ካለበት ተሕዋስያን ወይም ያረጀ ናፍጣ የጣለው ዝቃጭ ነው። ቀላ ያለ ብናኝ ዝገት ነው። መኪናው በብርድ ጠዋት ብቻ እምቢ ብሎ ሲሞቅ የሚሻለው ከሆነ ግን ናፍጣው ውስጥ ያለው ሰም ረግቶ ነውና ታንክ ማጽዳት አያስፈልግም፤ ለብርድ የተዘጋጀ ናፍጣ ይበቃል። ከዚያ ከታንኩ ግርጌ ናሙና ቀድቶ በንጹሕ ብርጭቆ ማሳደር ነው። ጤነኛ ናፍጣ ጥርት ብሎ ያሳያል፤ የደፈረሰ ከሆነ ውሃ ተበትኖበታል፤ ከታች መስመር ሠርቶ የተለየ ፈሳሽ ካለ ጥርጣሬው አበቃ። ሞተሩ ግቢ ውስጥ ቆሞ በደንብ መሥራቱ ግን ማስረጃ አይሆንም። ቆሞ የሚሠራ ሞተር የሚጠይቀው ናፍጣ ጥቂት ስለሆነ በግማሽ በተደፈነ ፊልትሮም ያልፍለታል፤ ዳገት ላይ ፍላጎቱ ሲጨምር፣ የመንገዱም ንዝረት ግርጌውን ሲያደፈርሰው ጉዱ ይወጣል።

ጠንከር ያለው ተቃውሞ «መድኃኒት ይጨመርበት» የሚለው ነው። ተሕዋስያንን የሚገድሉ ኬሚካሎች በእርግጥ አሉ፣ ይሠራሉም። ነገር ግን የሞተው አተላ ከታንኩ አይጠፋም፤ ከግድግዳው ተላቆ ፊልትሮውን ከበፊቱ በከፋ ፍጥነት ይደፍናል። ስለዚህ መድኃኒቱ ቦታው ውሃው ከወጣ በኋላ ነው፣ ያውም መለዋወጫ ፊልትሮ ተይዞ። ውሃን ከናፍጣ ጋር አዋሕጄ አስቃጥላለሁ የሚለውን ዓይነት ፈሳሽ ግን አጥብቄ እቃወማለሁ። የውሃ መለያው ፊልትሮ የሚሠራው ውሃው ጠብታ ሆኖ ወደ ታች ሲወርድ ነው፤ የተዋሐደ ውሃ ግን አልፎት ይሄዳል። የሚሄደውም ከ1,800 ባር በላይ ግፊት ወደሚሠራበትና የክፍሎቹ ክፍተት በጥቂት ማይክሮን ወደሚለካው ኢንጀክተር ነው።

«መለዋወጫ ፊልትሮ ይዤ መንገድ ላይ እቀይራለሁ» ለሚለው፣ ይያዝ፤ መንገድ ዳር ከመቅረት ያድናል። ሲቀየር ግን ከውሃ መለያው ቀጥሎ ያለውን ሁለተኛውን ረቂቅ ፊልትሮ ከጀሪካን በተቀዳ ናፍጣ ሞልቶ መግጠም አይገባም። መሐል ላይ ባለው ቀዳዳ የፈሰሰው ናፍጣ ሳይጣራ በቀጥታ ወደ ሞተሩ ይገባል፤ በእጅ ፓምፑ መሙላት ቢያደክምም ይሻላል። ታንክ ማስጠረግ ውድ ነው ለሚለውም፣ አዎ፣ ያስወጣል። ሆኖም ውሃው ገና ጥቂት ሳለ ከግርጌ ማስወጣትና የቀረውን ናፍጣ በፓምፕ እያዞሩ በፊልትሮ ማጥራት ብዙ ጊዜ ይበቃል፤ ታንክ ማውረድ የሚመጣው ከዘገየ በኋላ ነው።

በኢትዮጵያ ሞተርሆም ብርቅ ነው፤ ቆሞ የሚሰነብት ናፍጣ ግን በየሰፈሩ አለ። መብራት ሲጠፋ ብቻ የሚነሳ የሕንፃና የሆስፒታል ጄኔሬተር፣ ከአዝመራ እስከ አዝመራ የሚቆም ኮምባይነር፣ ግቢ ውስጥ በበርሜል የተቀመጠ ናፍጣ ሁሉ በዚሁ ሕግ ይገዛሉ። የጄኔሬተሩ ታንክ በየወሩ ከግርጌው ይቀዳ፣ ናሙናውም በብርጭቆ ይታይ፤ የታማሚ ሕይወት የተንጠለጠለበት ጄኔሬተር መብራት በጠፋ ሰዓት አይፈተንም። በርሜል ውጭ ሲቀመጥ ቀጥ ብሎ አይቁም። የክረምት ዝናብ ጫፉ ላይ ያቁራል፤ ሌሊት በርሜሉ ሲቀዘቅዝ ያን ውሃ በክዳኑ ዙሪያ ወደ ውስጥ ይስበዋል። በጎኑ ተጋድሞ ሁለቱ ክዳኖች በአግድም ትክክል ይሁኑ፤ ቦታው ካልበቃም ውሃ ክዳኖቹ ጋ እንዳይደርስ ከሥሩ እንጨት ገብቶለት ዘንበል ይበል።