የደም መቅጃ መርፌ ከመግዛትዎ በፊት

የግል ክሊኒክ ወይም ላብራቶሪ የሚያስተዳድሩ ከሆነ የመርፌ ግዥ እንዴት እንደሚካሄድ ያውቁታል። ከሦስት አቅራቢዎች ፕሮፎርማ ይሰበሰባል፣ ዝቅተኛ ዋጋ የሰጠው ይመረጣል፣ ካርቶኑ ስቶር ይገባል። ቀኑን ሙሉ መርፌ ይዞ የሚውለው የላብራቶሪ ባለሙያ ዕቃውን የሚያየው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ቆሻሻውን የምታወጣውን የጽዳት ሠራተኛማ ጭራሽ የሚጠይቃት የለም። በእኔ እምነት መጀመሪያ መስተካከል ያለበት ይህ ቅደም ተከተል ነው፦ መርፌውን በሚመርጡት መካከል በእሱ የሚሠሩትና እሱ ሊወጋቸው የሚችል ሰዎች መኖር አለባቸው።

አሜሪካ ይህን በሕግ ደንግጋለች። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 6 ቀን 2000 የተፈረመው በመርፌ የመወጋት አደጋን የሚከላከል ሕግ፣ አሠሪዎች መርፌ ሲመርጡ ታካሚን በቀጥታ የሚረዱ፣ የአስተዳደር ኃላፊነት የሌላቸው ሠራተኞችን አስተያየት እንዲጠይቁ ያስገድዳል። እዚያ በነርስነት ወይም በላብራቶሪ ሙያ የሚሠሩ አንባቢ ከሆኑ ይህ መብትዎ ነውና ይጠቀሙበት። አገር ቤት ያለ የክሊኒክ ባለቤት ደግሞ ሕግ እስኪያስገድደው መጠበቅ የለበትም። ከእያንዳንዱ አቅራቢ ናሙና አስመጥቶ፣ ጓንት ካጠለቁት ባለሙያዎች ጋር ጠረጴዛ ላይ መሞከር ይችላል።

ለምን ይህን ያህል እንደምጨነቅ ቁጥሩ ይናገራል። በኤችአይቪ በተያዘ ሰው ደም የተነካ መርፌ አንድ ጊዜ ቢወጋ ቫይረሱ የመተላለፍ ዕድሉ ከ1000 ሦስት ገደማ ነው። ብዙዎች የወፍ በሽታ ከሚሉት ሕመም ጋር የሚያያይዙት ሄፓታይተስ ቢ ግን፣ ላልተከተበ ሰው ዕድሉ ከ100 ከ6 እስከ 30 ይደርሳል። ቫይረሱ በደረቀ ደም ውስጥ ሆኖ ቢያንስ 7 ቀን ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ የመርፌውን ዓይነት ከማንሳትዎ በፊት አንድ ጥያቄ ይመልሱ፦ ሠራተኞችዎ በሙሉ፣ የጽዳት ሠራተኞችም ጭምር፣ በመጀመሪያው ቀን፣ በ1ኛው ወርና በ6ኛው ወር የሚሰጠውን የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ጨርሰዋል? ካልጨረሱ የመርፌው ምርጫ ሁለተኛ ጉዳይ ነው።

ወደ ዕቃው እንምጣ። ካርቶኑ ላይ «ሴፍቲ» የሚል ቃል መታተሙ ብቻውን ምንም አያረጋግጥም። ናሙናውን ይዘው ይህን ይመልከቱ፦ መርፌውን የሚሸፍነው መከለያ በአንድ እጅ ይዘጋል? ሲዘጋ ጣት ከመርፌው ጫፍ ፊት ያልፋል ወይስ ሁልጊዜ ከኋላ ነው? መቆለፉ ድምፅ አለው? ከተቆለፈ በኋላ መልሶ ይከፈታል? አንዳንዱ ባለሙያው በአውራ ጣቱ ካልገፋው አይዘጋም፤ አንዳንዱ ራሱ ይዘጋል። ሁለተኛው ይሻላል ባይ ነኝ። ሰው ሲደክም፣ ወረፋው ሲረዝም፣ ሕፃን ሲያለቅስ መጀመሪያ የሚረሳው ነገር መከለያውን መግፋት ነውና። አንዳንድ የቢራቢሮ መርፌዎች ቁልፋቸው ሲጫን መርፌው ገና ደም ሥር ውስጥ ሳለ ወደ እጀታው ይሰበሰባል፤ የተነካካው ጫፍ ራቁቱን አይወጣም። ዋጋቸው ከበድ ይላል። በጀትዎ ለሁሉም የማይበቃ ከሆነ ለሕፃናት ክፍልና ለድንገተኛ ክፍል ቅድሚያ ይስጡ፤ ታካሚው የሚወራጨው እዚያ ነው።

የቫኪዩም ቱቦ መርፌ ሁለት ጫፍ እንዳለው አይርሱ። የኋለኛው በላስቲክ ተሸፍኖ ሆልደሩ ውስጥ ስለሚቀመጥ የሌለ ይመስላል። ሆልደሩን ለመቆጠብ ብለው መርፌውን እየፈቱ የሚጥሉ ከሆነ ያ ጫፍ ይጋለጣል። ሆልደርና መርፌ ሳይለያዩ አብረው መጣል አለባቸው። ስለዚህ ዋጋ ሲያወዳድሩ ሁለቱን ደምረው ያወዳድሩ።

አሁን አዲስ አበባን፣ ደሴንና ጎንደርን ወደሚመለከት፣ አቅራቢዎች እምብዛም ወደማያነሱት ጉዳይ ልግባ። ቱቦው ደም የሚስበው በውስጡ ባለው ክፍተትና በውጭው የአየር ግፊት ልዩነት ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብላ ስለተቀመጠች የአየር ግፊቷ ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ለባሕር ጠለል የተሠራ ቱቦ እዚህ ሥራ ላይ ሲውል የሚስበው ደም ያንሳል። ለብዙ ምርመራ ይህ ችግር ላይሆን ይችላል። ለደም መርጋት ምርመራ በሚያገለግለው ሰማያዊ ክዳን ባለው የሲትሬት ቱቦ ግን 9 እጅ ደም ለ1 እጅ ፈሳሽ መድረስ አለበት። ከዚያ ካነሰ ደሙ ከእውነቱ ዘግይቶ የሚረጋ ይመስላል፤ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ታካሚ በዚህ ውጤት ላይ ተመሥርቶ መጠኑ ሊቀየርበት ይችላል። አንዳንድ አምራቾች ለከፍታ ቦታ ብለው የሚያዘጋጁት ቱቦ አለ፤ ስሙን ጠርተው ይጠይቁ። በራስዎም መፈተን ይችላሉ፦ ከካርቶኑ ጥቂት ቱቦ ያውጡ፣ በመርፌው ከብርጭቆ ውሃ ያስቀዱ፣ ውሃው የት ላይ እንደሚቆም ከምልክቱ ጋር ያስተያዩ። የሲትሬት ቱቦ ከ90 በመቶ በታች የሚሞላ ከሆነ አይግዙት። የአገልግሎት ዘመኑ ሊያልቅ የቀረበ ቱቦ በርካሽ ሲቀርብልዎም ይጠንቀቁ፤ ክፍተቱ በጊዜ ብዛት ይደክማል። በቢራቢሮ መርፌ ሲቀዳ ደግሞ በቀጭኑ ቱቦ ያለው አየር መጀመሪያ ስለሚገባ፣ ከሲትሬቱ በፊት የሚጣል አንድ ቱቦ ያስፈልጋል። እሱንም በዋጋው ውስጥ ያስገቡት።

ውፍረቱን በተመለከተ ለአዋቂ የተለመደው አረንጓዴው 21 ጌጅ ነው፤ ጥቁሩ 22፣ ሰማያዊው 23 ነው። ቀጭን መርፌ ለታካሚው ሁልጊዜ ርኅራኄ አይደለም። በጣም በቀጠነ መርፌ፣ በተለይ ስሪንጅ በኃይል እየተሳበ የተወሰደ ደም ሕዋሱ ይፈነዳል። ያን ጊዜ ፖታሲየሙ ያለአግባብ ከፍ ብሎ ይነበብና ታካሚው እንደገና ይወጋል። ተራ ስሪንጅ መጠቀምዎ ግድ ከሆነ ደሙን በመርፌ በቱቦው ክዳን እየወጉ ማስገባት ይቅር፤ ለማስተላለፊያ የተሠራ ዕቃ አለ፣ አብረው ይግዙት።

ሌሎች የሰውነት ፈሳሾችን የሚወስዱ ከሆነ አንድ ነገር ብቻ ላስምርበት። ከአከርካሪ ፈሳሽ ለመውሰድ ጫፉ የሚቆርጠው የተለመደው መርፌና እንደ እርሳስ የሾለው አለ። እ.ኤ.አ. በ2018 ላንሴት መጽሔት ላይ የወጣ ሰፊ የጥናቶች ግምገማ እንዳሳየው፣ ከምርመራው በኋላ የሚመጣው ራስ ምታት በመጀመሪያው ከ100 ሰው 11 ላይ ሲታይ በሁለተኛው ወደ 4 ገደማ ዝቅ ይላል። ቆሞ መሄድ የሚከለክለውን ያን ራስ ምታት ያየ ሰው በዋጋ ልዩነቱ አይከራከርም።

መርፌ የሚገዛ ሰው ሴፍቲ ቦክስም በቁጥሩ ልክ ይግዛ። ሳጥኑ ደም ከሚቀዳበት ወንበር አጠገብ፣ እጅ በሚደርስበት ቦታ ይቀመጥ፤ ሦስት አራተኛው ሲሞላ ይታሸግ። ማን ወስዶ የት እንደሚያቃጥለው አስቀድመው ይወቁ። የመርፌውን ክዳን መልሶ መግጠም በክሊኒክዎ የተለመደ ከሆነ፣ አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ሳጥኑ ሩቅ መሆኑ ነው፤ ባለሙያውን ከመገሠጽዎ በፊት ሳጥኑን ያቅርቡ።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ሰው ሊወጋ ይችላል። የተወጋው ቦታ ወዲያው በውሃና በሳሙና ይታጠባል፤ አይጨመቅም። የኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒት በተቻለ ፍጥነት፣ ቢዘገይ ከ72 ሰዓት ባልበለጠ ጊዜ ተጀምሮ ለ28 ቀን ይወሰዳል። እሑድ ሌሊት አንዲት የጽዳት ሠራተኛ ብትወጋ መድኃኒቱን የሚሰጣት ማን ነው? ክሊኒክዎ ከሌለው በአቅራቢያ የትኛው ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል በዚያ ሰዓት ይቀበላታል? ይህን ከግዥው በፊት አጣርተው፣ የሚደወልለትን ሰው ስልክ በደም መቅጃው ክፍልና በጽዳት ዕቃ ማስቀመጫው በር ላይ ይለጥፉት።