ሂደትን የሚገልጽ ድርሰት፦ ከበረት ወደ ምድጃና ወደ ማሳ

ባለፈው ትምህርት ስለ ተራኪ ድርሰት ተምራችኋል። ተራኪ ድርሰት አንድ ጊዜ የተፈጸመን ድርጊት ይተርካል፤ ሂደትን የሚገልጽ ድርሰት ግን በየጊዜው በአንድ ሥርዐት የሚደጋገመውን ሥራ ያስረዳል። ጠላ እንዴት እንደሚጠመቅ፣ ሸማ እንዴት እንደሚሠራ፣ ቆዳ እንዴት እንደሚለፋ የሚያስረዱ ድርሰቶች የዚህ ዐይነት ናቸው። እነዚህ መነሻና መድረሻ ስላላቸው ጸሐፊውን ብዙ አያስቸግሩትም። የሚያስቸግረው መጨረሻው ተመልሶ መጀመሪያ የሚሆነው ሂደት ነው፤ ይህም ዑደት ይባላል። የምጣኔ ሀብት ሊቃውንት «ዑደታዊ ምጣኔ ሀብት» የሚሉት አሳብ በዚሁ ላይ የተመሠረተ ነው፤ ከአንዱ ሥራ የተረፈው ሳይጣል ለሌላው ሥራ መነሻ ሲሆን ማለት ነው። ቀጥሎ ያለውን ምንባብ በጥሞና አንብቡ፤ ስታነቡም ግሦቹን ልብ በሉ።

ምንባብ

በብዙው የአገራችን ደጋና ወይና ደጋ ደን እየሳሳ ከሄደ ወዲህ ኩበት ከዋና ዋናዎቹ የማገዶ ዐይነቶች አንዱ ሆኗል። እበቱ ከበረት ይዛቃል፤ ከጭድ ጋር ይለወሳል፤ ይጠፈጠፋል፤ በፀሐይ ይደርቃል፤ ክረምት ሲገባም እንዳይርስ ተከምሮ ይከደናል። ከዚያ በኋላ መንገዱ ወደ ምድጃ ነው። እሳቱ ሲጠፋ የሚቀረው አመድ ፎስፈረስና ፖታሲየም የተባሉትን ማዕድናት ይይዛል፤ ናይትሮጅኑ ግን ከጢሱ ጋር ይወጣል። ናይትሮጅን ደግሞ ሰብል ከአፈር አጥብቆ ከሚፈልጋቸው ንጥረ ነገሮች አንዱ ነው፤ ዩሪያ የተባለው ማዳበሪያ የሚገዛውም ለዚሁ ነው። እንግዲህ ኩበት የሚያነድ ገበሬ በሣርና በገለባ በኩል ከመሬቱ የወሰደውን ለመሬቱ አይመልስም፤ የጎደለውንም በገንዘቡ ይገዛል።

ይህን ችግር ለማቃለል ከተሞከሩት ዘዴዎች አንዱ የባዮጋዝ ማብላያ ነው። ማብላያው ከመሬት በታች በድንጋይና በሲሚንቶ የሚሠራ፣ ጣሪያው እንደ ጉልላት የጎበጠ፣ አየር የማያስገባ ጉድጓድ ነው። እበትና ውሃ እኩል ለእኩል ይደባለቃሉ፤ በመግቢያው ገንዳ በኩልም ወደ ውስጥ ይለቀቃሉ። አየር በሌለበት በዚያ ጨለማ፣ በዐይን የማይታዩ ረቂቃን ሕያዋን ድብልቁን ያብላሉታል። በዚህ ጊዜ ከግማሽ በላይ ሚቴን የሆነ፣ የቀረው አብዛኛው ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሆነ ጋዝ ይወጣል። ከአንድ ኪሎ ግራም ትኩስ እበት ከ30 እስከ 40 ሊትር ያህል ጋዝ ሊገኝ ይችላል። ጋዙ በጉልላቱ ሥር ይጠራቀምና በቧንቧ ወደ ምድጃና ወደ መብራት ይሄዳል፤ ሲበዛም የተብላላውን ቅሪት ገፍቶ በመውጫው በኩል ያስወጣዋል። ቅዝቃዜ በበረታበት አካባቢ ረቂቃኑ ሕያዋን ስለሚዳከሙ ጋዙ ያንሳል።

ወደ ጋዝ የሚለወጠው በተለይ የእበቱ ካርቦንና ሃይድሮጅን ነው። ናይትሮጅኑ፣ ፎስፈረሱና ፖታሲየሙ ከሞላ ጎደል በቅሪቱ ውስጥ ይቀራሉ። ቅሪቱ ፀሐይ ላይ ተዘርግቶ ከዋለ ናይትሮጅኑ በአሞኒያ መልክ ስለሚተን፣ በጥላ ሥር በተቆፈረ ጉድጓድ ይጠራቀማል። ከዚያም ወደ ማሳ ይወሰዳል። ማሳው ገለባ ያበቅላል፤ ከብቱ ይበላል፤ እበቱም ወደ ማብላያው ይመለሳል። አንዱ እበት ሳይከፋፈል ለእሳትም ለአፈርም ይደርሳል።

በኢትዮጵያ ብሔራዊ የባዮጋዝ ፕሮግራም የመጀመሪያ ምዕራፍ ከ2009 እስከ 2013 በአውሮፓ አቆጣጠር በትግራይ፣ በአማራ፣ በኦሮሚያና በደቡብ ክልሎች ተካሂዷል። የተመረጠው ማብላያ ከኔፓል የተወሰደ ንድፍ ሲሆን ለአገሩ እንዲስማማ ተደርጎ «ስንዱ» ተብሏል። በምዕራፉ 14,000 ማብላያዎች ሊሠሩ ታቅደው ከ8,000 በላይ ተሠርተዋል።

ስለ ምንባቡ አጻጻፍ

በመጀመሪያ ጸሐፊው ዑደቱን ከየት እንደጀመረ ተመልከቱ። ክብ ነገር መነሻ የለውምና ከከብቱም፣ ከማሳውም መጀመር ይቻል ነበር። ምንባቡ ግን ከኩበት ጀመረ፤ ዑደቱ የሚቆረጠው ኩበቱ ሲነድ ነውና። ዑደትን ስትገልጹ ከሚቆረጥበት ቦታ ብትጀምሩ አንባቢው ስለ ምን እንደምትጽፉለት ወዲያው ይረዳል።

አሁን ወደ ግሦቹ እንመለስ። ከአዕማደ ግሥ ውስጥ በምንባቡ የበዛው ተደራጊው ነው፦ ይዛቃል፣ ይለወሳል፣ ይጠፈጠፋል፣ ይከደናል፣ ይደባለቃሉ፣ ይወሰዳል። «እናት እበቱን ትጠፈጥፋለች» የሚለው ዐረፍተ ነገር በአድራጊ ግሥ የተነገረ ነው። ወደ ተደራጊ ሲለወጥ ተሳቢው ባለቤት ይሆናል፤ የተሳቢው ምልክት «ን» ይወድቃል፤ «እበቱ ይጠፈጠፋል» ይሆናል። እናት ግን ከዐረፍተ ነገሩ ወጥታለች። (ይደርቃል፣ ይሄዳል የሚሉት ተሳቢ የማይሹ ግሦች ናቸው እንጂ ተደራጊ አይደሉም፤ ብዙ ተማሪዎች እዚህ ላይ ይሳሳታሉ።)

ለሂደት ድርሰት ተደራጊ ግሥ ተስማሚ ነው፤ ማንም ቢሠራው ሥራው አንድ ነውና። ነገር ግን አደጋም አለበት። ምንባቡ «እበትና ውሃ እኩል ለእኩል ይደባለቃሉ» ይላል። ውሃውን ማን ቀዳው? በቀን 30 ኪሎ ግራም እበት የሚገባበት ማብላያ 30 ሊትር ውሃ ይሻል፤ ይህም ከአንድ ባለ 25 ሊትር ጀሪካን ይበልጣል። ምንጩ ሩቅ በሆነበት ቀበሌ ይህን በየቀኑ የምትሸከመው አብዛኛውን ጊዜ የቤቱ እመቤት ወይም ልጅቷ ናት። ከማገዶ ለቀማና ከጢስ የዳነችውን ሴት ምንጭ ወርዳ እንድትመለስ የሚያደርግ ዘዴ ትርፉና ኪሳራው ሊመዘን ይገባዋል። ዐረፍተ ነገሩ በተደራጊ ግሥ ብቻ ከተጻፈ ግን የሚመዘነው ነገር አይታይም፤ ዑደቱ ራሱን በራሱ የሚያዞር ይመስላል። ሥራቸውን ያቆሙት ማብላያዎች ጥቂት አይደሉም። ያቆሙትም የረቂቃን ሕያዋን ጠባይ ተለውጦ አይደለም፤ ውሃ ሲርቅ፣ ከብት ሲሸጥ፣ የተበላሸ መክፈቻ የሚለውጥ ባለሙያ ሲታጣ ነው። ስለዚህ የሰው ድካም ባለበት ቦታ አድራጊ ግሥ ተጠቀሙ፤ ባለቤቱንም በስሙ ጥሩ።

ሌላው ጥንቃቄ የሚሻው ነገር የአሳብ ወሰን ነው። «ባዮጋዝ ያለው ቤት ኩበት አያነድም» ብሎ መጻፍ ስሕተት ነው። በተለመደው የባዮጋዝ ምድጃ ወጥ ይሠራል፤ ቡና ይፈላል። እንጀራ መጋገር ግን ሰፊውን ምጣድ እኩል የሚያግል ብርቱ እሳት ይሻል፤ ከቤት ውስጥ ኀይል ትልቁን ድርሻ የሚወስደውም እርሱ ነው። ለባዮጋዝ ተብሎ የተሠራ ምጣድ ከሌለ እንጨቱና ኩበቱ ለእንጀራ መንደዳቸው አይቀርም። «ለወጥና ለቡና»፣ «ምጣዱ ከሌለ» የሚሉት አጫጭር ሐረጎች ሐሰት ሊሆን የነበረውን ዐረፍተ ነገር እውነት ያደርጉታል።

ስለ አያያዦች ብዙ ማለት አያስፈልግም። «ከዚያም በኋላ» የሚለውን በየዐረፍተ ነገሩ መደጋገም አሰልቺ ነው። «ተከምሮ ይከደናል»፣ «ገፍቶ ያስወጣዋል» በሚሉት ውስጥ ያለው ቦዝ አንቀጽ ቅደም ተከተሉን ያለ ተጨማሪ ቃል ያሳያል።

መልመጃ

ሀ. በምንባቡ ውስጥ ካሉት ተደራጊ ግሦች ስድስቱን መርጣችሁ ዐረፍተ ነገሮቹን ወደ አድራጊ ለውጡ። ባለቤቱን ስትጨምሩ በአካባቢያችሁ ያን ሥራ በእርግጥ የሚሠራው ማን እንደሆነ ጠይቃችሁ ጻፉ።

ለ. «ኩበት ካልነደደ ሰብሉ ያምራል» በሚለው ዐረፍተ ነገር ውስጥ የተዘለሉት የሂደቱ ደረጃዎች የትኞቹ ናቸው? በሦስት ወይም በአራት ዐረፍተ ነገር አሟሉ።

ሐ. በስኳር ፋብሪካ የሸንኮራ አገዳው ከተጨመቀ በኋላ የሚቀረው ገለባ በማሞቂያ ጋን ሥር ይነድዳል፤ እንፋሎቱም ኤሌክትሪክ ያመነጫል፤ ያው እንፋሎት የአገዳውን ጭማቂ ያፈላል። ሞላሰስ ከተባለው ዝቃጭ ደግሞ በፊንጫና በመተሐራ ፋብሪካዎች ለነዳጅ የሚሆን አልኮል ወጥቷል። ይህን መነሻ አድርጋችሁ ሦስት አንቀጽ ያለው ድርሰት ጻፉ። ከአገዳው እርሻ የተወሰደው ንጥረ ነገር ወደ እርሻው ይመለሳል ወይስ አይመለስም? ዑደቱ የሚቆረጥበትን ቦታ ፈልጉና ከዚያ ጀምሩ።